ራኩባው በራሱ እግር ይቁም

ሰሊጡ ተሸጧል፣ ማሽላውም ከሞላ ጎደል ገብቷል። ጥር ነው፤ ወገባችን ትንሽ እፎይ የሚልበት፣ እጃችንም ትንሽ ገንዘብ የሚነካበት ጊዜ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዘር አላወራም፣ ስለ ጸረ አረምም አላወራም። የማወራው ስለ ጥላ ነው። «ይሄ ሰውዬ ሥራ አጣ እንዴ?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ስደቡኝ።

ለመተማ ሰው ስለ ሙቀት ማስተማር ለዓሣ ስለ ውኃ እንደማስተማር ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት 43 ዲግሪ ሊደርስ እንደሚችል ታውቃላችሁ። የቆርቆሮ ቤታችን ኮርኒስ የለው፣ ምን የለው፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ውስጡ ምጣድ ነው። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ያለው ማነው? እኛማ ወይ ሌንጫ ዛፍ ሥር ነን፣ ወይ ገንዳ ውኃ ገበያ ሻይ ቤት ተቀምጠናል። ቤት የቀሩት አራሷ፣ ሕፃኑና ዓይናቸው የደከመ አባታችን ናቸው። እንጀራ የምትጋግረዋ ደግሞ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ምድጃ። ለሰሊጡ ጆንያ ጥላ እንሠራለን፤ ትራክተር ያለው ለትራክተሩ ይሠራል፤ ለበሬውም ቢሆን አንድ ነገር አናጣለትም። ለሰው ሲሆን ግን «ቀስ ብለን እንሠራዋለን» ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ጥላ እንደ ማረሻና እንደ ጎተራ ከእርሻው ወጪ ውስጥ መቆጠር አለበት። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ድረስ አንድ ቤተሰብ እህል የሚለቅምበት፣ ጆንያ የሚሰፋበት፣ ልጅ የሚያጠናበት ቦታ ካገኘ፣ በየቀኑ 3 ሰዓት አተረፈ ማለት ነው።

የማወራው ስለ የትኛው ጥላ እንደሆነ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ያሉ ግንበኞች ፐርጎላ ይሉታል። ከቤቱ ግድግዳ ተጠግቶ በምሰሶ የሚቆም፣ ከላይ ድፍን ክዳን የሌለው፣ በርብራብና በሐረግ የሚጠለል ዳስ ነው። ስሙ ቢያስደነግጥም ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ድንበር ማዶ ያሉት ወንድሞቻችን ራኩባ የሚሉት የዚሁ ዘመድ ነው፤ ከእኛም ብዙው ሰው ቃሉን ወርሶታል። የእነሱ ብዙ ጊዜ ከላይ ሣር ወይም አገዳ ይለብሳል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። እኔም ከዚህ በኋላ ራኩባ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ። አብዛኛው ሰው ጥላ ሲያስብ የሚያደርገው ምንድነው? የቤቱን ቆርቆሮ መቀጠል። 6 ቅጠል ቆርቆሮ ይገዛል፣ የጣሪያው ጫፍ ላይ ካለው ማገር ጋር በምስማር ያያይዛል፣ ከፊት 3 ቀጭን እንጨት ያቆማል፣ በቃ አለቀ። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ዝናብም ይከልላል። አውቃለሁ፣ እኔም እንዲሁ ነበር የሠራሁት።

የሆነውን ልንገራችሁ። ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ከመምጣቱ በፊት የሚመጣውን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ከሱዳን በኩል ቡናማ ግድግዳ መስሎ አቧራ እየነዳ የሚመጣው። ነፋሱ በቀጠልኩት ቆርቆሮ ሥር ገባ። መውጫ የለውም፤ ከኋላው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ አነሣው። ቅጥያው ብቻውን ቢሄድ ምንም አልነበረም። ግን እኔው ራሴ ከቤቱ ጋር በምስማር ጠርቄዋለሁ! ሲሄድ የቤቱን 4 ቅጠል ይዞ ሄደ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ለዘር ያስቀመጥኩት ሰሊጥ ከዚያው ሥር ነበር፤ ራሰ፣ ሻገተ። በዚያ ዓመት ዘር የገዛሁት ተበድሬ ነው። ዘር በደረቅ ቦታ አስቀምጡ እያልኩ ሳስተምራችሁ የነበርኩት ሰውዬ ማለት ነው። ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ ሰማይ ሲጠቁር «ባለሙያው፣ ቆርቆሮህን እሰር» ይለኛል።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፦ ራኩባውን ከቤቱ አስጠጉት እንጂ በቤቱ ላይ አትስቀሉት። በራሱ እግር ይቁም። ነፋስ ቢጥለው ራሱን ብቻ ይጣል። ከላይም ድፍን አይሁን፤ ነፋሱ አልፎት ይሂድ። ደግሞ ቆርቆሮ ጥላ አደረገ እንጂ አላበረደም። ፀሐዩን ጠጥቶ ይግልና ሙቀቱን መልሶ ከሥሩ በተቀመጠው ሰው አናት ላይ ያወርደዋል። ፕላስቲክ ሸራ ከዚያም ይብሳል። ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወዲህ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ ዮሐንስ በኩል የገቡ ሰዎች በሸራ ሥር ቀን ቀን ምን እንደሚሆኑ ያየ ሰው ይሄንን አይከራከረኝም።

«በራሱ እግር» ስል ምን ማለቴ ነው? ሁለት ረድፍ ምሰሶ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው የውጭውን ረድፍ ብቻ አቁሞ የውስጡን ጫፍ ግድግዳው ላይ ያሳርፈዋል። ግድግዳችሁ በሲሚንቶ የተገነባ ብሎኬት ከሆነ፣ ጥሩ ግንበኛ አግዳሚ እንጨት በብሎን ሊያስርበት ይችላል፤ እሺ። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ግን አይሆንም፤ ጭቃው ምስማር ይዞ አይቆይም፣ ነፋስ ሲነቀንቀው እየተፈረፈረ ይሄዳል። ስለዚህ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ተርቆ 3 ምሰሶ፣ ከዚያ 3 ሜትር ወጣ ብሎ ሌላ 3 ምሰሶ። ርዝመቱ 5 ሜትር ቢሆን ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። የውስጡ ረድፍ ከጣሪያው ጫፍ ዝቅ ብሎ 2 ሜትር ከ40፣ የውጭው 2 ሜትር ከ20። ቁመቱ ከዚያ ከበለጠ የከሰዓቱ ፀሐይ ሥሩ ይገባል። ከዚያም ካነሰ ረጅም እንግዳ ሲመጣ ግንባሩን ይመታል፤ እሱን ደግሞ ማስታረቅ ነው።

የትኛው ግድግዳ በኩል ይሁን? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በር ባለበት በኩል ይሠራል፣ ምክንያቱም በር ስለሆነ። ግን ፀሐዩን አስተውሉ። እኛ አገር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ላይ ሆኖ ትንሽ ወደ ሰሜን ያዘነብላል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ይርቃል። በሙቀቱ ወራት ቀትር ላይ ፀሐይ የሚመታው ጣሪያውን ነው፣ ግድግዳውን አይደለም። ግድግዳውን የሚጠብሰው የከሰዓቱ ነው፤ ከምዕራብ የሚመጣው። የምዕራቡ ግድግዳ ከ9 ሰዓት እስኪጨልም ድረስ ይጠጣና ሌሊቱን ሙሉ ወደ ውስጥ ይተፋዋል። እኩለ ሌሊት ላይ ግድግዳውን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ገና ትኩስ ነው። ስለዚህ ራኩባችሁን ወደ ምዕራብ አድርጉት። በራችሁ ወደ ምሥራቅ ቢሆንም እንኳ ዞሮ መግባት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አልዋሻችሁም። 3 ሜትር ስፋት ያለው ራኩባ የምዕራቡን ግድግዳ ሙሉ ለሙሉ የሚጋርደው እስከ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ጥላችሁ ከቁመታችሁ እኩል ይሆናል፤ መሬት ላይ ለኩት። 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐዩ ዝቅ ብሎ ይገባና የግድግዳውን ግርጌ እስከ ጉልበት ይነካል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደረት ይደርሳል። ስለዚህ የምዕራቡ ጫፍ ላይ መጋረጃ ያስፈልጋል፤ ከላይ እስከ ወገብ የሚወርድ የሽመል ስንጥቅ ወይም የሐረጉ ቅጠል ራሱ ተንጠልጥሎ ይወረድ። ከወገብ በታች ክፍት ይሁን፤ ነፋሱ ይግባ፤ ደግሞም መንገደኛው ማን እንደሆነ ማየት አለባችሁ።

ወደ እንጨቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ። ምሰሶ ሲባል የእኛ ሰው ዓይኑ ወዲያው ቅርቅራ ላይ ነው የሚያርፈው። ልክ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ግን እስኪ ከልጅነታችሁ ጋር አወዳድሩት። በዚያን ጊዜ ከቤት ጓሮ ይቆረጥ የነበረው ቅርቅራ አሁን የስንት ሰዓት መንገድ ነው? አንድ ለምሰሶ የሚሆን ቅርቅራ ልጅ ተወልዶ እስኪዳር ያህል ጊዜ ይፈልጋል። የእጣን ዛፉንማ ጭራሽ አትንኩት፤ እንጨቱ ለስላሳ ነው፣ ለምሰሶ አይረባም፣ ምስጥ በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል። ቆሞ ግን በየዓመቱ እጣን ይሰጣል። ከሥሩ አዲስ ችግኝ ከብትና እሳት አልፎ ሲያድግ አናይም፤ የቆረጥነው የሚተካ አይደለም።

እና ምን እንጠቀም? አቅም ላለው ቱቦላሬ ብረት ነው። ውድ ነው፣ ግን አንዴ ነው። አቅም ለሌለው ከደጋው በመኪና የሚወርደው ባሕር ዛፍ ይበቃል፤ ነገር ግን ምስጥ በጣም ይወደዋል፣ መሬት ውስጥ ቀብራችሁት ከሁለት ክረምት በላይ አትጠብቁ። ዘዴው እንጨቱ መሬት እንዳይነካ ማድረግ ነው። 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 3 እጅ ጠጠር አድርጋችሁ ሙሉት፤ ከመሬት አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይውጣ። ሳይደርቅ ሁለት ጠፍጣፋ ብረት አቁሙበት፤ ምሰሶው በሁለቱ መሐል ገብቶ በብሎን ይታሰር። ከሲሚንቶውም ትንሽ ከፍ ይበል። ከዚያ በኋላ ምስጥ ወደ እንጨቱ ለመውጣት የጭቃ መተላለፊያ መሥራት አለበት፤ ያንን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፣ በመጥረጊያ ትጠርጉታላችሁ። መሬት ውስጥ ሲሆን ግን ሳታዩት ይበላና አንድ ቀን ምሰሶው ከሥሩ ቡን ብሎ ይወድቃል። እንዲህ የቆመ ምሰሶ እግሩ ስላልተቀበረ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ከላይ ከአግዳሚው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በሁለቱም በኩል ሰያፍ ድጋፍ እንጨት ምቱበት። ይሄንን አትዝለሉት። ሰያፍ የሌለው ራኩባ እንደ ሰከረ ሰው ነው የሚቆመው።

አንዳንዶቻችሁ «ለሰሊጥ ከገዛሁት የተባይ መድኃኒት የተረፈኝን ምሰሶው ላይ ላፍስሰው?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አታፍስሱ። ልጅ ምሰሶ ይይዛል፣ ያንኑ እጁን አፉ ይከታል። ከሥሩ የሚበላ ነገር ልትተክሉ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ቢሆን ሐረግ በምትተክሉበት አጠገብ አይሁን።

አፈራችን ዋልካ ለሆነው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ምሰሶንም ግድግዳንም ያነሣል፣ ያወርዳል። ስለዚህ ውኃ በቤቱ ግርጌ እንዲቆም አታድርጉ። ሐረጉን ስትተክሉ በግድግዳው በኩል አይደለም፤ በውጭው ረድፍ ምሰሶ ሥር ነው፣ ከግድግዳው 3 ሜትር የሚርቀው። ከግድግዳው ሥር ተክላችሁ በየቀኑ ብታጠጡ በአንድ በኩል እርጥብ በሌላ በኩል ደረቅ ዋልካ ይሆንና ግድግዳው ይሰነጠቃል። ከዚያ ሐረጉን ትወቅሳላችሁ።

ከላይ ምን ይሁን? ርብራቡ የሽመል ስንጥቅ ይሁን። ቆላ ቀርቀሃ የምንለው ማለት ነው። ሽመል ቆርጣችሁት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከዛፍ የሚለየውም ይሄ ነው። 3 ዓመት ያለፈውን ምረጡ፤ ቀንበጡ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ነቀዝም ይፈጀዋል። የሚቆረጠው አሁን በበጋው ነው፣ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ ውስጡ ያለው ነቀዝ የሚወደው ስኳርና ስታርች ዝቅተኛ ነው። ወንዝ ወይም ኩሬ ካገኛችሁ ለ3 ሳምንት ዘፍዝፉት፤ የቀረውም ታጥቦ ይወጣል። ቋራ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ከአልጣሽ ፓርክ ውስጥ አትቁረጡ። ፓርክ ነው፣ ክልክል ነው፤ ከገበያ ወይም ከራሳችሁ ማሳ ዳር ይሁን። ስንጥቁን ሁለት ጣት እያስተራረፋችሁ ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘርጉት። ለምን ከሰሜን ወደ ደቡብ? ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስትሄድ የብርሃኑ መስመር ወለሉ ላይ እየተንቀሳቀሰ ስለሚሄድ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ሰው አይጠብስም። ሐረግ ባይኖርም እንኳ ይሄ ብቻውን ከግማሽ በላይ ጥላ ነው።

ሐረጉን በተመለከተ እውነቱን ልናገር፤ ፎቶ ላይ የምታዩት የአበባ ፐርጎላ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የእኛ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሐረግ በዝናብ ይለመልማል፣ በጥር ይደርቃል፤ ጥላ የምንፈልገው ደግሞ በመጋቢት ነው። ጃንጥላ በክረምት ገዝቶ በበጋ መጣል አይነት ነው። ስለዚህ ሐረጉ በበጋ የሚጠጣው ነገር ካልተገኘ አትድከሙ።

የሚጠጣው ግን ቤታችን ውስጥ አለ። የልብስ ማለቅለቂያ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ የእጅና የፊት መታጠቢያ ውኃ በየቀኑ ደጅ ላይ እንደፋለን። እሱን ሰብስቡት። በሁለት ቀን አንድ ጀሪካን፣ 20 ሊትር፣ ለአንድ ጉድጓድ ሐረግ አስቡ፤ ሙቀቱ ሲብስ በየቀኑ። በረኪና ያለበትንና የመጀመሪያውን ወፍራም የሳሙና ውኃ ለይታችሁ ሌላ ቦታ ድፉ። የሐረጉን ሥር በገለባ ሸፍኑት፣ ፀሐይ ውኃውን እንዳይሰርቅ። ከጉድጓድ በአህያ ውኃ ለሚያመላልስ ቤት ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አንድ ውኃ ሁለት ጊዜ ሠራ ማለት ነው።

የትኛው ሐረግ? ለዚህ ዓመት ቅል ነው። አሁን በጥር ብትዘሩትና ብታጠጡት እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ ርብራቡን ይወጣዋል፤ ሙቀት አይፈራም፣ ፍሬውም ዕቃ ይሆናል። ፍሬው ሲከብድ ግን በገመድ ደግፉት፤ ከሥሩ የሚተኛ ሰው አለ። ለከርሞ ደግሞ ላብላብ እመክራችኋለሁ። በሐምሌ ይዘራል፣ ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ትንሽ ውኃ ሲታከልበት በጋውን ይገፋል። ቅጠሉ ለላምና ለፍየል ጥሩ መኖ ነው። የደረቀ ፍሬውን ግን ጥሬውን አትብሉ፤ ውኃውን እየቀየራችሁ በደንብ ቀቅሉት። ዘሩን ወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ወይን የጠየቃችሁኝ አላችሁ፤ ወይን በየዓመቱ መገረዝና ማረፊያ የሚሆን ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ይፈልጋል፤ እኛ ዘንድ ለጥላ ሊሆን ይችላል፣ ለፍሬ ግን ብዙ አትመኩበት። የሐረጉን ሥር በእሾህ እስከ ደረት እጠሩት፤ ፍየል እንደሆነች አትጠየቅም።

«ለምን የማሽላ አገዳ ከላይ አንከምርበትም? ጥላም ነው፣ መኖም ነው» የሚል ሐሳብ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ሐሳቡ ብልህ ነው። ሁለት ነገር ግን አለው። አንደኛ፣ ከብቱ እየበላ ሲሄድ ሚያዝያ ላይ ጥላችሁን በልቶ ይጨርሰዋል! ሁለተኛው ግን ቀልድ አይደለም። ደረቅ አገዳ ከቤት ጣሪያ አጠገብ ማለት እሳት ማለት ነው። ቤታችሁ የሣር ክዳን ከሆነ አገዳውንም ራኩባውንም ከክዳኑ አርቁ፤ መጠጋጋት ያለበት የቆርቆሮ ቤት ነው። አገዳውን ለብቻው ራቅ ባለ ቆጥ ላይ ከምሩት። ምድጃም ከራኩባው ሥር አይሁን። እናቶች እዚህ ላይ እንደምትከራከሩኝ አውቃለሁ፤ ጥላው ለእናንተ ከሆነ ለምን እሳቱ ይከለከላል ትላላችሁ። ቡና በከሰል ማፍላት ይቻላል፣ ሰው አጠገቡ ካለ። እንጀራ መጋገሪያው ግን ከራኩባው 10 እርምጃ ርቆ፣ ለብቻው ትንሽ ጥላ ተሠርቶለት፣ ዙሪያው ተጠርጎ ይሁን። በበጋ ነፋስ አንድ ፍም ምን እንደሚያደርግ አይተናል።

የመጨረሻውና ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሌሊቱ ነው። ራኩባ ከሠራችሁ በኋላ ሰው ማደሩ አይቀርም። ቤቱ ውስጥ ትንፋሽ የለም፣ ውጭ ነፋስ አለ፤ ማንም አልጋውን ያወጣል። ወባውን ታውቁታላችሁ። ካላዛርን ግን ብዙ ሰው ከሌላ በሽታ ጋር ያምታታዋል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ያነሰች፣ ድምፅ የሌላት ናት፤ ከምሽት እስከ ንጋት ትናደፋለች፤ የምትኖረውም በዋልካው ስንጥቅ ውስጥና በግራር፣ በላሎ ዛፍ ሥር ነው። ልክ እኛ በምንተኛበት። ለአጨዳ ከደጋ የሚመጡ ሳሉጎች በብዛት የሚያዙት ሜዳ ላይ ስለሚያድሩና ሰውነታቸው በሽታውን ስለማያውቀው ነው።

ስለዚህ ራኩባውን ስትሠሩ የአጎበር ማንጠልጠያውን አብራችሁ ሥሩ። በእያንዳንዱ የአልጋ ቦታ ላይ 4 ቦታ ሽቦ ማያያዣ አድርጉ፤ አጎበሩን ለማንጠልጠል ቀላል ከሆነ ይሰቀላል፣ ከባድ ከሆነ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ወለሉን ስንጥቁን ደፍናችሁ፣ ጠጠርና ቀይ አፈር ደልድላችሁ፣ ጠቅጥቃችሁ ለቅልቁት። የሐረጉ ውኃ ወደ መኝታው አይፍሰስ፣ ውኃ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ቆሞ አይደር። ጥጉ ላይ ጆንያና እንጨት አትከምሩ፤ እባብ የሚወደው እሱን ነው። ከእናንተ ወይም ከሳሉጎቻችሁ ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ያለበት፣ እየከሳ የሄደ፣ በግራ ጎኑ ሆዱ ያበጠ ሰው ካለ የወባ ኪኒን እየሰጣችሁ አታቆዩት፤ ጤና ተቋም ውሰዱት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለው፤ ሕክምና ያለው በሽታ ነው፣ ከዘገየ ግን ይገድላል።

«ይሄ ሁሉ ከሚሆን አንድ ዛፍ አትተክልም?» የሚለኝ ሰው ትክክል ነው። ኒም ትከሉ፤ ከምዕራቡ ግድግዳ 5 ወይም 6 ሜትር አርቃችሁ። ሙቀቱን ይወዳል፣ ፍየል ብዙም አትደፍረውም። ግን ጥሩ ጥላ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈልጋል፣ አባታችሁ ደግሞ የሚቀመጡበትን የሚፈልጉት በዚህ መጋቢት ነው። ሁለቱንም አድርጉ፤ ኒሙ ሲያድግ ራኩባውን ለልጃችሁ ቤት ታዛውሩታላችሁ። ብሎን ነው፣ ይፈታል።

ጉድጓዱን ለመቆፈር ዋልካው አሁን ድንጋይ ሆኗል። ዋዜማውን አንድ አንድ ጀሪካን ውኃ አፍስሱበትና ጠዋት ቆፍሩ። እኔ የራሴን አዲሱን ራኩባ የምጀምረው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፤ የቆርቆሮው ነገር ካለፈ በኋላ ባለቤቴ ሌላ ጥላ እንድሠራ የፈቀደችልኝ ዘንድሮ ነው። ብረቱ ሲሚንቶው ውስጥ እንዴት እንደሚቆም በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይምጣ፣ አካፋ ይዞ ቢመጣ አልጠላም። የቅል ዘር ደግሞ ቀበሌው የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ለአንድ ቤት 6 ፍሬ ይበቃል፣ እስኪያልቅ ድረስ መጥታችሁ ውሰዱ።